ውሃ የት ጠጣችሁ?

የድንበር ጥበቃ ኃላፊው አሥራ አንደኛዋን ቀይ እስፒል ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ካርታ ላይ ሰካና ወደ ተሰብሳቢው ዞረ።

«እውነቱን ልንገራችሁ፣» አለ፣ «እስከ ዛሬ የላካችሁልንን ጥናት ሁሉ ያነበበው ምስጥ ነው። ይሄኛውን ግን እኔ ራሴ አነበብኩት። በየውሃ ጉድጓዱ ጥበቃ አቁሜበታለሁ። ስደተኞቹ ውሃ ካጡ የት ይሄዳሉ? ይመለሳሉ።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሳቀ። የምርምር ተቋሙ ፕሮፌሰር ደግሞ ከሁሉም በላይ ፊታቸው በራ። ሠላሳ ዓመት ስለ ስደት ሲያጠኑ፣ ሠላሳ ዓመት ሰሚ አጥተው ኖረዋል። ድሮ ሰው ለምን ቤቱን ጥሎ ይሄዳል ብለው ነበር የሚጠይቁት፤ ለዚያ መልስ ደንታ ያለው ባለሥልጣን አልተገኘም። ኋላ ጥናት የሚያዙት ክፍሎች «ለምን» የሚለውን ትተው «በየት በኩል» ማለት ጀመሩ። ፕሮፌሰሩም አብረው «በየት በኩል» አሉ። ይኸው፣ ተሰሙ።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው የፕሮፌሰሩ ቃለ መጠይቅ አድራጊ ግን አልሳቀችም። ቢሮው ውስጥ «ጆሮ» ይሏታል፤ አልናገርም ያለ ሰው እሷ ፊት ሲቀመጥ ይናገራልና። ካርታው ላይ የተሰኩት እስፒሎች በሙሉ እሷ የሰማቻቸው ናቸው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መንገደኛ አነጋግራለች። ስለደረሰባቸው ዱላ፣ መንገድ ላይ ስለቀሩት ሰዎች ስትጠይቃቸው አንገታቸውን ይደፉ ነበር። አንድ ቀን ቢጨንቃት መጠይቁ ላይ የሌለ ነገር ጠየቀች፤ «ውሃ የት ጠጣችሁ?» አለቻቸው። ይሄኔ አፋቸው ተፈታ። ጉድጓዱን፣ መቅጃውን፣ ማን ቀድሞ እንደጠጣ ሳይቀር ነገሯት። ፕሮፌሰሩ ጥያቄዋን እጅግ ስለወደዱላት በሪፖርቱ የግርጌ ማስታወሻ ላይ አመሰገኗት።

አሁን በዚያ ምስጋና አፈረች።

«ያልተመለሱትስ?» አለች።

ኃላፊው ዞር ብሎ አያት። «ምን አልሽ እህቴ?»

«ውሃም አጥተው፣ ያልተመለሱትስ አልኩ። ጥበቃ ካቆማችሁ ወዲህ በረሃ የቀረውን ሰው ቆጥራችኋል?»

«እሱን ደግሞ እናንተ አጥኑታ፣» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። ሰው እንደገና ሳቀ።

ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስትቆይ ተበሳጭታ ታውቃለች፤ እንዲህ ግን የሰው ፊት ጠልታ አታውቅም። ከሁሉ ይልቅ የጠላችው ያችን ጥያቄ የጠየቀችበትን ቀን ነው።

«ወደ ሥራችን እንመለስ፣» አለ ኃላፊው። «ጉድጓዶቹ ከተዘጉባቸው ወዲህ በሌላ በኩል ይዞራሉ አሉ። አሁን የት ነው የሚጠጡት?»

«በእነዚህ ሁለት ሳምንታት አሥራ ዘጠኝ ሰው አነጋግራለች፣» አሉ ፕሮፌሰሩ በኩራት። «ነይ ልጄ፣ አሳያቸው።»

ታውቃለች። አሥራ ዘጠኙም የነገሯት አንድ ቦታ ነው፤ ከሥሩ የዝናብ ውሃ ያቆረ፣ የተተወ የድንጋይ ካባ። ባለፈው ዓርብ በመጨረሻ ያነጋገረቻት አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። «ታናሽ እህቴ የአራት ዓመት ልጇን ይዛ በዚያው ነው የምትመጣው፣» አለቻት። «ሰኞ ትነሳለች፣ ሐሙስ ካባው ጋ ትደርሳለች። ስልክ እንኳ የላትም። ለማንም አይነገርም ብለሽኛል አይደል?» ጆሮ ስም እንደማይጻፍ ማለችላት። ቃሏንም ጠበቀች፤ ስም አልጻፈችም። የጻፈችው ውሃውን ነው። ዛሬ ደግሞ ማክሰኞ ነው።

ተነሳች። ኃላፊው አንዲት ቀይ እስፒል መዳፏ ላይ አኖረላት። ካርታው ፊት ቆማ ትንሽ አየችውና ከካባው በስተምሥራቅ ርቃ፣ ፍየል እንኳ የማይረግጠው ደረቅ ሜዳ ላይ ሰካቻት።

«እዚህ፣» አለች።

በሥራ ዘመኗ አንዲት የተሳሳተ ቁጥር አስገብታ የማታውቅ ሴት፣ እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት ስትዋሽ ደስ አላት። ጠባቂዎቹ እዚያ ይቁሙ። ፀሐይ ይጥበሳቸው፣ አቧራውን ይጠብቁ።

«ጎበዝ፣» አለ ኃላፊው፣ ማስታወሻው ላይ እየጻፈ።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ካርታው ቀረቡ። «አይ፣ እዚህ ጋ አይመስለኝም።»

«ነው ፕሮፌሰር። የሰማሁት እኔ ነኝ።»

«እኔም እሑድ ቁጭ ብዬ አሥራ ዘጠኙንም አንብቤአቸዋለሁ።»

«ይተዉት፣» አለች፣ እጅጌያቸውን ይዛ፣ ለሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ባክዎን ፕሮፌሰር፣ ይተዉት።»

እጇን መታ መታ አደረጉት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አንጀቷን ያሳረረው እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ ሰድባቸው ይወጣላት ነበር። የተማሪ ጽሑፍ ላይ የተረሳች አራት ነጥብ እንቅልፍ የምትነሳቸው፣ ስህተት አይቶ ማለፍ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው።

«ማንም ይሳሳታል፣ አይዞሽ፣» አሉ። እስፒሏን ነቀሉ፣ በሁለት ጣታቸው ርቀቱን ለኩና ካባው ላይ ሰኳት። «አሁን ልክ ሆነ።»

ኃላፊው የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ጻፈ። ፕሮፌሰሩም የእሷ እስፒል ደረቁ ሜዳ ላይ የተወችውን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ከወረቀቱ ላይ አጠፉት።