የመጨረሻው ቅጂ

ሽማግሌው መነኩሴ ዊግስታን ጉልበቱ ላይ የዘረጋውን ብራና በቢላ ይፍቅ ነበር። ብራናው የአገሩን ታሪክ በእንግሊዝኛ የያዘ የመጨረሻው ቅጂ ነበር። አገሩን በጦር ከያዙት ከኖርማኖች ወገን፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ የተሾመው አበምኔት ደግሞ፣ “በገበሬ ቋንቋ ብራና አይባክንም፤ ፍቀህ ለላቲን አዘጋጀው” ብሎ አዝዞ፣ ከአጠገቡ ቆሞ ያየው ነበር።

“ምነው አባ፣ ለቅሶ ቤት ስጠብቅህ ሰርግ ቤት ተገኘህ?” አለ አበምኔቱ፣ ሽማግሌው ቅር ሳይለው ሲፍቅ አይቶ።

“መታዘዝ ነው፣ አባቴ።”

አንድ መስመር ያነባል፣ ይፍቃል። የተፋቀው ቀለም እንደ ጥቁር ዱቄት ቀሚሱ ላይ ተጠራቅሟል። ድምፁ አይሰማም፤ ከንፈሩ ግን ቃል በቃል ይንቀሳቀስ ነበር። በዚያ ገዳም ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ የሚያነብ ሰው አልነበረም። አበምኔቱ ጎንበስ ብሎ ያንን ከንፈር ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

“በቃልህ እያጠናኸው ነው።”

ቢላው ቆመ።

“ቀጥል እንጂ!” አለ አበምኔቱ እየሳቀ። “አንዲት ቃል እንዳታመልጥህ። ስትጨርስ አርምሞ ትገባለህ፤ እስክትሞት ድረስ ለማንም ትንፍሽ አትልም።”

ሽማግሌው ቢላውን አነሳ። የሚቀጥለውን መስመር ሳያነብ ሊፍቀው ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘውም።