ይሰማሻል?

«ቁርጡን ልንገራችሁ» አለ ሐኪሙ ሰኞ ዕለት፣ ቃል እንኳ ሳይመርጥ። የእናቴ ግራ እግር እስከ ዓርብ ስሜቱ ካልተመለሰ ይቆረጣል። ሃያ ዓመት የስፌት መኪና ረግጦ ያሳደገኝ እግር ነው።

ሕክምና ያስተማረኝ የለም እንጂ መጽሐፉን አላጣሁም። እግር በራሱ እንደማይሰማው፣ የሚሰማው አንጎል እንደሆነ ከሐኪሙ እኩል አውቃለሁ። ስለዚህ አንጎሏን ልጎተጉት ቆረጥኩ። በየቀኑ ዓይኗን በሻሽ እየሸፈንኩ ውስጥ እግሯን በመርፌ ጠቅ አደርጋለሁ።

«ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም። ደግሞ አንቺ ልጅ፣ ጨርቅ መሰልኩሽ እንዴ?»

እሷ ትስቃለች፤ እኔ ግን በወጋኋት ቁጥር «እባክሽ ጩኺ» እያልኩ በሆዴ እለምናታለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ድንገት ክንዴን ጨመደደችኝ።

«ተሰማኝ!»

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። «የት ጋ ወጋሽ፣ እማዬ?»

«መውጋት አይደለም፤ ድምፅ ነው። እግሬ ውስጥ ሰው ያወራል።»

«ምን ይላል?»

ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች።

«የሚጠይቀው አንቺን ነው። ‹ይሰማሻል?› ይላል።»

መርፌው በጣቶቼ መሃል እንዳለ፣ የራሴን ግራ ውስጥ እግር፣ ጫማዬ ውስጥ፣ ሌላ መርፌ ጠቅ አደረገኝ።