እንብላ ያልተባለው

ጋሽ ምንውዬለት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ፣ ደሴ ባለው ቤታቸው አንድ አስታማሚ ያጥባቸዋል፣ ምግባቸውንም ያቀርብላቸዋል። በአዲሱ ሕግ ሠራተኛ ሁሉ፣ ሰውም ሆነ ማሽን፣ አንድ ዓይነት ጭንብልና ጓንት ያጠልቃል፤ ድምፁም አንድ ነው። "ሰው ነህ ወይስ ዕቃ?" ብሎ መጠየቅ ያስቀጣል። እሳቸው ግን ዕቃ ነው ብለው ከደመደሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሰው ቢሆን አንድ ቀን እንኳ "ደከመኝ" አይልም?

ዛሬ ጠዋት ውሃ ጠምቷቸው በተሽከርካሪ ወንበራቸው ወደ ማድ ቤት ገቡ። ትናንት ያስተረፉት ሽሮ የለም። የድስቱ ቂጥ በጣት ተጠርጓል። ዕቃ ሽሮ አይበላም።

ምሳ ሲደርስ አስታማሚው እንደ ወትሮው ትሪውን አስቀምጦ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። መጠየቅ ክልክል ነው፤ "እንብላ" ማለት ግን ጥያቄ አይደለም።

"እንብላ" አሉ ጋሽ ምንውዬለት።

"ይብሉ ጋሼ" አለ ያ የሁሉም የሆነው ድምፅ።

"በሞቴ!"

 አስታማሚው ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀና ወጣ። ከማድ ቤት የእጅ መታጠቢያው ውሃ ሲፈስ ሲሰሙ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን የጎረሱበትን ትሪ ወደ መሃል ገፋ አደረጉት።