አንድ ክፍል ለሁለት ሰው

አቶ ወዳጆ የጓሳውን የእንግዳ ማረፊያ የተረከቡት ከቀበሌ ሊቀመንበርነት ከተነሡ በኋላ ነው። ሊቀመንበርነቱ ቢቀርም ግምገማው አልቀረም። ድሮ ገበሬውን ሰብስበው ይገመግሙ ነበር፤ አሁን የሚሰበሰብላቸው ስለጠፋ እንግዳ ይገመግማሉ።

ነሐሴ 1999 ዓ.ም.፣ አገሩ ሁሉ ሚሊኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዎች መጡ። ወንዱ በዕውቀቱ፣ ሴቷ ጽናት ይባላሉ። የመጡት ቀይ ቀበሮ ለማየት ነው። በነሐሴ ጓሳ ላይ የሚታየው ግን ዝናብ ነው። ከዝናቡ ኋላ ጉም አለ፤ ከጉሙ ኋላ ደግሞ ምንም።

ያመጣቸው ትዕዛዙ የሚባል ከደብረ ብርሃን የተከራዩት ሹፌር ነው። በዚህ ክረምት ጓሳ እንግዳ ሲያመጣ ሦስተኛው ነው። "መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ ዛሬ መመለስ አይታሰብም፤ እደሩ" ብሎ የፈረደውም እሱ ነው።

በዕውቀቱ ከራሱ ላይ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ "አንድ ክፍል ይበቃናል። ባልና ሚስት ነን" አለ።

አቶ ወዳጆ ከላይ እስከ ታች አዩት። "ወረቀት አላችሁ?"

"የምን ወረቀት?"

"የጋብቻ።"

"ለሽርሽር ስንወጣ የጋብቻ ወረቀት ይዘን አንዞርም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ይጣራል።"

ነገሩ በእርግጥም ያጠራጥር ነበር። የሁለቱም ጣት ላይ ቀለበት የለም። ይባስ ብሎ ይሳሳቃሉ። አቶ ወዳጆ በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ከባለቤታቸው ጋር እንዲህ የተሳሳቁበትን ቀን አያስታውሱም። ትዳር ቁም ነገር ነዋ!

ባለቤታቸው እታገኝ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። በሃያ ዓመት ስለምታንሳቸው አንቱ ነው የምትላቸው።

"ሹፌሩን መኪናው ውስጥ ብርድ ፈጀው። ገብቶ እሳት ይሙቅ ወይ?"

"ይሙቅ። እሱ ብቻውን ነው የመጣው፤ ምን ነውር አለበት?"

ማጣራቱ ተጀመረ። በዕውቀቱ እዚያው ሳሎን እንዲቆይ ታዘዘ፤ ጽናት በረንዳ ላይ ተጠራች።

"ሠርጋችሁ የት ነበር?"

"ዓለም ከተማ፣ እናቴ ቤት።"

አቶ ወዳጆ ወደ ሳሎን ተመለሱ። "ሠርጋችሁ የት ነበር?"

"አዲስ አበባ፣ እኛ ቤት።"

"አልተጣጣመም" አሉ፤ ፊታቸው በራ።

"እሱ ቅልቅሉን ነው እኮ የሚለው!" ብላ ጽናት ከበረንዳ ጮኸች።

"ምስክር ሲናገር ሌላው ዝም ይላል!"

ለእሷ የግራውን፣ ለእሱ የቀኙን ክፍል ሰጧቸው። የቀኙ ክፍል ጣሪያ ያፈስሳል፤ እሱ ግን የማጣራቱ አካል አልነበረም። ራሳቸው የበግ ጠጉር ባናቸውን ደርበው በሁለቱ በሮች መካከል በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጉዳዩም ሰኞ መሐል ሜዳ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ እንደሚታይ በትሕትና አስታወቁ።

ምሳ ደረሰ፤ ዝናቡ አላባራም። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ዝናቡም አቶ ወዳጆም ከቦታቸው አልተነሡም። ጽናት ወሩን ሙሉ ስታስበው የከረመችውን ሽርሽር አልጋ ጫፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፣ እግሯ በርዶ፣ እንደ ወንጀለኛ እየተጠበቀች አሳለፈችው። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥሎ ተናደደች። በሩን በርግዳ ወጥታ አቶ ወዳጆን አልፋ የባሏን በር ከፈተች።

"ጃንጥላ ያዝ አላልኩህም? አላልኩህም ወይ? ወፍራም ካልሲ ያዝ አላልኩህም? ሶደሬ ስንሄድ ፎጣ ረሳህ! እናትህ ደግሞ 'ልጄ ምንም አይረሳም' ይሉልኛል! በነሐሴ ጓሳ! ሰው ዝናብ ሸሽቶ ይሄዳል እንጂ የዝናቡ ቤት ድረስ ይሄዳል?"

በዕውቀቱ መሬት መሬት እያየ፣ "ልክ ነሽ" አለ።

አቶ ወዳጆ ከበርጩማቸው ተነሡ። እንዲህ ያለ ቁጣ፣ እንዲህ ያለ "ልክ ነሽ" ከትዳር ውጭ ከየት ይመጣል? ውሽማ እንዲህ አይሰደብም።

"ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልጆቼ። ባልና ሚስት ናችሁ" ብለው ከልባቸው ጎንበስ አሉና የማያፈስሰውን ክፍል ቁልፍ ሰጧቸው።

አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆመ። አቶ ወዳጆ ለካሣ ያህል ቀበሮውን ራሳቸው ሊያሳዩአቸው ተነሡ። እታገኝ የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ቆማ ነበር።

"ስንት ሰዓት ትቆያላችሁ?"

"ሁለት ሰዓት አንሞላም።"

"አይቸኩሉ። መንገዱ ያንሸራትታል።"

"ቀሚሱ ምንድን ነው?"

"እንግዳ አለ ብዬ ነው።"

አቶ ወዳጆ ደስ አላቸው። ዳገቱን እየወጡ ለወጣቶቹ ምክር ለገሱ። "አያችኋት? የቆምኩበትን መሬት ታከብራለች። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ቃል መልሳብኝ አታውቅም። እናንተም ጨዋታ ቀነስ፣ ቁም ነገር ጨመር አድርጉ።"

"እሺ፣ ጋሼ" አለ በዕውቀቱ።

ጉብታው ላይ ሲደርሱ ጉሙ ተገፈፈ። ከረጅሙ ሣር መሀል አንድ ቀይ ቀበሮ ብቅ አለ። ጽናት የባሏን እጅ ያዘች። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ቆሙ።

ከታች የመኪና ሞተር ተነሣ። ቀበሮው ሣሩ ውስጥ ጠፋ።

በዕውቀቱ ዞሮ አየ። "መኪናችን እኮ ነው! ሹፌሩ ያለ እኛ ወዴት ነው የሚሄደው?"

አቶ ወዳጆ ሳቁ። "ቢሄድስ ምን ትሆናላችሁ? ዕቃችሁ እንደሆነ ቤት ነው። ባለቤቴ አለችላችሁ።"

ጽናት አቅራቢ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ መኪናውን ተከተለችው።

"ጋሼ" አለች፣ "ባለቤትዎማ ጋቢና ተቀምጠው እጃቸውን እያውለበለቡልን ነው።"