የአቀባበል ጫማ

በረጅም ጣውላ ላይ ቆሞ የላንጋኖን ሞገድ የሚጋልበው ክበብ፣ አዲስ አባል ሲመጣ የሐይቁን ድፍርስ ውሃ በአሮጌ ሸራ ጫማ ያቀርብለታል። ከዛሬ በፊት በመጨረሻ የገባው አባል የአሁኑ ሊቀመንበር ነበር። እንዳይንቁት ብሎ አንጠፍጥፎ ጠጣው፤ በሳምንቱም መረጡት። ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው እግር ጣዕም ጉሮሮው ላይ ይመጣና ያቅለሸልሸዋል፤ «በጀግንነቴ ተመረጥኩ» እያለ መልሶ ይውጠዋል።

ዛሬ ፌናን መጣች። ጫማውን ከንፈሯ ላይ ነካ አድርጋ ውሃውን በትከሻዋ ወደ ኋላ ደፋችው። ሁሉም አጨበጨበ።

«አልጠጣችም እኮ!» ብሎ ሊቀመንበሩ ጮኸ። «እኔ ግጥም አድርጌ ነው የጠጣሁት!»

ጭብጨባው ቆመ። አንጋፋው ጋሽ ደርቤ አቀረቀሩ።

«የኔ ልጅ፣ ማን ይጠጣዋል? ሁላችንም ደፍተን ነው የገባነው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ደነገጥና! ኋላ ደግሞ አንጀታችንን በላኸው… ለዚያ አይደል ሊቀመንበር ያደረግንህ?»