የደሴቷ ሰዎች ዘር

ደገፉ ረድኤትን ሊያገባ ሽማግሌዎቹን ይዞ ሶዶ መጣ። የልጅቱ አባት አቶ ብሩ ውሃ አቀረቡለት። ሲወጣ ግን የጠጣበትን ብርጭቆ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወስደው ከግቢው ድንጋይ ጋር አላተሙት። የአባያ ሐይቅ ደሴት ሰው ነዋ። ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ዘሩም አይታወቅም።

ረድኤት "እሱን ካላገባሁ ባል የሚባል አልፈልግም" አለች።

"ደሴቷ ላይ መጀመሪያ ማን እንደሰፈረ ሄጄ እጠይቃለሁ። የተሸጠ ሰው ዘር ከሆኑ አለቀ" አሏት አባቷ።

በማግስቱ በተበላ ከተማ በኩል ወርደው በሞተር ጀልባ አባያን ተሻገሩ።

ደሴቷ አንዲት መንደር ብቻ ናት። ዳርቻው በዓሣ አንጀት ተለውሷል፤ ዝንቡ አይጣል ነው። አቶ ብሩ አፍንጫቸውን ይዘው ምራቃቸውን ጢቅ አሉ።

የደገፉ አያት፣ ወይዘሮ ጣፈጠች፣ ቤት አስገብተው ሊያስቀምጧቸው ተነሱ። መጀመሪያ ግን የማን ዘር እንደሆኑ ጠየቋቸው።

አቶ ብሩ ኮራ አሉ። "የቅድመ አያቴ ስም ሲጠራ አገር ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው አሳስረው ገበያ ያወርዱ ነበር። እንደ በሬ ነበር የሚሸጡት።"

አሮጊቷ ቤት ማስገባቱን ተዉት። ከዚያ እዚያው ደጅ፣ ዛፍ ሥር ሰሌን አስነጠፉላቸው። አዲስ ቅል አስመጥተው፣ ጆጉ ቅሉን እንዳይነካ ከፍ አድርገው የአገሩን የእህል መጠጥ፣ ቦርዴ፣ ቀዱላቸው። እንደ አገሩ ወግ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመን ከአንድ ቅል እንጠጣ አላሏቸውም። አቶ ብሩ እፎይ አሉ። ከአሮጊቷ ጋር አፍ መግጠም ገና ሲያስቡት ይቀፋቸው ነበር።

"እማማ፣ እዚህ መጀመሪያ የሰፈረው ማነው?"

"ለገበያ ሲነዱ ያመለጡ ናቸው" አሉ ጣፈጠች። "ገመዱ ካንገታቸው ሳይወልቅ ግንድ ታቅፈው ሐይቁ ውስጥ ገቡ። ብዙውን አዞ በላው። የተረፉት እዚህ ደረሱ፤ የጉማሬ ሥጋ በልተው ኖሩ። እኛ የእነሱ ልጆች ነን።"

ይህን ሲናገሩ ምንም አላፈሩም። አቶ ብሩን ያስጠላቸው ይኸው ነበር። የጠጡበትን ቅል መሬት አስቀምጠው ተነሱ።

"መልሱን በሽማግሌ እልካለሁ" አሉ።

"አይድከሙ" አሉ ጣፈጠች። ደገፉ ከአያቱ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ጀልባው ሲነሳ የአቶ ብሩ ስልክ ጠራ። ረድኤት ናት። አላነሱትም፤ ምን እንደሚሏት እያሰቡ ወደ ደሴቷ ዞር አሉ።

ጣፈጠች ቅሉን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አምጥተው ከዳርቻው ድንጋይ ጋር አላተሙት።