እስከ ሐሙስ

ነፍሱን ይማረውና፣ ወንድሜን ከመጠጥ የሚያላቅቅ ሕክምና ፍለጋ ሦስት ሆስፒታል ዞርኩ። በአራተኛው አንዲት ነርስ አስቀምጣ አነጋገረችኝ። "አልጋ የሚለቀቀው ሐሙስ ነው" አለችኝ።

"እስከዚያ በር ዘግቼበት ጠብታ አላስቀምሰውም" አልኳት።

"እንዳታደርጊው እህቴ። አሥር ዓመት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል፤ ሊሞትም ይችላል። እኛ በመድኃኒት እየረዳን ነው የምናስቆመው። እዚህ እስኪተኛ ድረስ የለመደውን አትከልክይው። በድንገት ካቆመ ግን ሐሙስን ሳትጠብቂ አምጪው።"

ስመለስ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አረቄ ገዛሁ፤ በነጠላዬ ሸፍኜ ገባሁ። ወንድሜ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ቀድቼ ሰጠሁት።

ሳቀ። "ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አሳላፊ የሆንሽው? እሁድ ካስማልሽኝ ወዲህ እኮ አልቀመስኩም።"

"ሐኪም ነው ያዘዘው። ወይ ጠጣ፣ ወይ ተነስና አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ።"

"ሄጄ ምን ልሠራ? ድኛለሁ።"

"ስንቱን መሐላ አፍርሰህ የለም ወይ? ይሄንንም አፍርሰው" ብዬ ለመንኩት።

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ መለሰልኝ፤ ግማሹ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ።

"በገብርኤልም በማርያምም የማልኩትን አፍርሻለሁ" አለ። "እሁድ ግን 'እህቴን ይንሳኝ' አሰኝተሽ ነው ያስማልሽኝ። ለአንድ ብርጭቆ ብዬ አንቺን ልቅበር?"